የሱሉልታዋ አረንጓዴ ነጥብ

ሰበታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ባርናባስ፣

ፀሐይ በጊዜ በምትገባበት አገር እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ የመኖሪያ ወረቀትዎ ጉዳይ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የማይተኛው ጠባቂ ይመስገን። እናቴ አትክልት «የአክስቴን ልጅ ሳሚልኝ» ብላለች። እናትዎ እማማ ሰብለወርቅም ደህና ናቸው። ሱሉልታ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ጆሯቸው ያው ነው፤ ስልክ ሲደወልላቸው «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ማን ልበል?» ብለው ይዘጉታል። የእርስዎን የድምፅ መልእክት ግን ከፍ አድርጌ ከጆሯቸው ሥር ሳስጠጋላቸው ደጋግመው አስከፈቱኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። «የእናቴን ድምፅ ከእንግዲህ በስልክም በሰው ጎተራም አላስቀምጥም፤ በራሳችን ቤት የሚቀመጥበትን ዘዴ ፈልጊ» ብለውኝ ነበር። ይኸው እሱን ስሞክር ከረምኩ። ከተመረቅኩ ወዲህ እንዲህ ደስ እያለኝ የሠራሁት ነገር የለም። ቡራዩ የኮምፒውተር ጥገና የከፈተው የክፍል ጓደኛዬ ኢፋ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጠጋግኖ ሰጠኝ። ሳሎናችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል፤ ቅጂዎቹ ሁሉ እሱ ላይ ይሆናሉ።

ችግሩ ምን መሰለዎት? የቤታችን ኢንተርኔት ከውጭ የሚታይ የራሱ አድራሻ የለውም። ከውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ መጣራት ይቻላል፤ ከውጭ የሚጣራ ሰው ግን በሩን አያገኘውም። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁሉም ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ፕሮግራሙ በነፃ ነው። ለሁለቱም ግን ውጭ አገር አንዲት ትንሽ ሰርቨር መከራየት ያስፈልጋል፤ እሷን በእርስዎ ካርድ ካልሆነ ከዚህ ሆኜ መከራየት አልችልም።

አንደኛው ሪቨርስ ፕሮክሲ ነው። ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ዘበኛ ይበሉት። እንግዳው ያንኳኳል፤ ዘበኛው «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎ እበሩ ድረስ ይወስደዋል። እንግዳው የሚያውቀው ዘበኛውን ብቻ ነው። ከፕሮግራሞቹ ኤንጂንኤክስ የሚባለው አንጋፋው ነው፤ ሁሉን ይችላል፣ ሁሉንም ግን በእጅሽ ጻፊ ይላል። ትራፊክ የሚባለው ብዙ ፕሮግራም ለሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ለኛ ቤት ግን ለቁርስ የሠርግ ድንኳን መትከል ይሆናል። ካዲ የሚባለው ግን ሁለት መስመር ብጽፍለት የደኅንነት ሰርተፍኬቱን ራሱ አምጥቶ ሥራ ጀመረ። ወድጄዋለሁ።

ሁለተኛው ሜሽ ቪፒኤን ነው። ይሄኛው ዘበኛ የለውም። አጥር ለአጥር የሚኖሩ ጎረቤታሞች በመንገድ ሳይዞሩ የሚገናኙባት መሹለኪያ ትኖር የለ? እንደሷ ነው። የእርስዎ ስልክ፣ ለእማማ ሰብለ የምናስቀምጥላቸው ታብሌት፣ የኛ ኮምፒውተር አንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ይተያያሉ፤ የውጭ ሰው መኖራቸውንም አያውቅ። ዋየርጋርድ የሚባለውን ፕሮግራም ብቻውን ብይዝ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁልፉን በእጄ መቅረጽ አለብኝ። ኔትበርድና ሄድስኬል የሚባሉት ቁልፍ ማደሉን ራሳቸው ይሠሩታል። ኔትበርድ የሚያምር ገጽ አለው፤ ለትንሽ ሰርቨር ግን ጓዙ በዛብኝ። ሄድስኬል ቀለል ያለ ነው፤ ገጽ ግን የለውም፣ ሁሉ ነገር በትእዛዝ ነው። ገጹን እኔ እሠራዋለሁ!

ኢፋ «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ባርናባስ» ብሎዎታል። «ለአንዲት እናት ድምፅ ይሄ ሁሉ ፕሮግራም? ቴሌ ልትሆኚ ነው እንዴ?» እያለ ያሾፍብኛል። ይሹፍ። ልጁ ውጭ ያለ ስንት ቤት አለ! ይሄ ነገር ሥራ ይወጣዋል።

የትኛው ይሁን?

አክባሪዎ ሩሃማ

ቫሳ፣ ፊንላንድ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ሩሃማ፣

ይህ ሰላምታ በበረዶ መካከል አልፎ ሙቀቱን እንደያዘ ይድረስሽ። እናትሽን በስሜ እቀፊልኝ። እኔ በአምላክ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ።

አስቀድሜ፣ አንቱ አትበይኝ። እዚህ አገር አንቱ የሚለኝ ሰው ስለሌለ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አባቴን የጠራሽ መስሎኝ ዞር አልሁ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገርሽ። እንደምታውቂው አውቶቡስ አጣቢ ነኝ። ሰው ወንበር ሥር የጣለውን ስልክ ስንት ጊዜ አንስቼ ለባለቤቱ መልሻለሁ! የእኔ የጠፋ ጊዜ ግን የመለሰልኝ የለም። የእናቴ የዓመታት ድምፅ አብሮት ሄደ። «ልጄ፣ ዛሬ ጎመን ተከልሁ» ስትል ከኋላ ዶሮ ይጮህ የነበረው ሁሉ ሄደ።

ከምርጫሽ እኔ ዘበኛውን እመርጣለሁ። ሱሉልታ ፊዚክስ ያስተማርሁ ሰው ነኝና የምትዪው ይገባኛል። እናቴ ግን አዲስ ነገር አትወድም። ገጽ ተከፍቶላት ከሰማች ይበቃታል። ደግሞ መሹለኪያ ጥሩ ነው እንጂ በእሱ የሚገባ ሰው የጎረቤቱን ጓዳ ሁሉ ያያል። ባይታይ የሚሻል ነገር አለ።

ሰርቨሩን ተከራይቻለሁ፤ መግቢያውን ለብቻው ልኬልሻለሁ።

የወረቀቴን ነገር ጠይቀሻል። እንደ ጥንቱ ነው። ሳይፈቀድልኝ ብወጣ በሩ በኋላዬ ይዘጋል፤ ከተፈቀደልኝ ግን በመጀመሪያው አውሮፕላን ነኝ። እናቴ ወደ ሰማንያው እየገባች ነው። እኔና ዕድሜዋ እሽቅድምድም ይዘናል። በሕይወት ላገኛት ነው የምሮጠው፤ ሌላ ምኞት የለኝም።

ያንቺው ባርናባስ

ሰበታ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ባርናባስ፣

እንደምን ከረምክ? («አንተ» ማለት ይከብደኛል፤ ትእዛዝ ነው ብዬ ነው።) እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ተመስገን።

አትቆጣኝ እንጂ መሹለኪያውን ሠራሁት። ዘበኛውን ጠልቼ አይደለም። ዘበኛ መንገድ ዳር ነው የሚቆመው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያንኳኳበት ይውላል። ገና ካዲን ባቆምኩ በሰዓቱ የማላውቀው ሁሉ በሩን ሲነካካ አየሁ። የእማማ ሰብለ ድምፅ እንዲህ አደባባይ ላይ እንዲያድር አልፈለግኩም። ሌላም ምክንያት አለኝ፦ ዘበኛው በሩን ይከፍታል እንጂ ማን ቤት እንዳለ አይነግርህም። ሜሹ ግን ይነግርሃል። እናትህ ታብሌታቸው ሲበራ አንተ እዚያ ሆነህ ታያቸዋለህ!

ከኢፋ ጋር ሱሉልታ ሄደን ተከልነው። ጠረጴዛው ላይ ታብሌቱን አቁመን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሰካንበት፤ የእሳቸውንም ድምፅ እየሄድኩ እቀዳልሃለሁ። እማማ ሰብለ ዙሪያውን አዩት።

«ልጄ እዚህ ውስጥ ነው ያለ?»

«የለም እማማ፣ ድምፁ ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ ለምን ይበራል?»

«እሱም እዚያ ሆኖ እርስዎ መኖርዎን እንዲያይ ነው።»

«መኖሬን? እሱንማ እዚህ ያለው ጎረቤትም አላጣራው» ብለው ሳቁ። ስንወጣ ኢፋ መብራት ይቆጥብልዎ ብሎ ሊያጠፋው ቢል እጁን መቱት። «ተው! ልጄ ጨለመብኝ ይላል።»

ገጹን ስልክህ ላይ ክፈተው። ሦስት ስም አለ፦ የባርናባስ ስልክ፣ የሰበታ ኮምፒውተር፣ የሱሉልታ ታብሌት። ከፊታቸው ነጥብ አለ፤ አረንጓዴ ከሆነ በርቷል፣ ግራጫ ከሆነ ጠፍቷል። ከጎኑ ደግሞ ማንም ያልጠየቀኝን ጌጥ ጨምሬያለሁ። ዕቃው ከሰበታው ኮምፒውተር ጋር በአንድ ዋይፋይ ላይ ከሆነ «እዚሁ ቤት» ይላል፤ በተከራየሃት ሰርቨር በኩል ዞሮ ከሆነ የሚመጣው «ከሩቅ» ይላል። የሱሉልታው በሞባይል ዳታ ስለሆነ ሁልጊዜ «ከሩቅ» ነው። ያምራል አይደል?

ሩሃማ

ቫሳ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሃማ፣

እጅሽ ይባረክ! የዘንድሮ ጥምቀት ያለ ታቦትና ያለ ዘመድ ያለፈኝ መስሎኝ ነበር፤ አላለፈኝም።

ከሥራ ወጥቼ ማቆሚያው ላይ ስቆም እከፍተዋለሁ። «የሱሉልታ ታብሌት፣ ከሩቅ»፣ አረንጓዴ። እናቴ አለች። እዚያው ቆሜ ለራሴ እንዲህ እላለሁ። ግራጫ ሲሆን መብራት ሄዶባት ነው ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሲመለስ አብሬ «መጣ!» ብዬ ስጮኽ አጠገቤ የቆሙት ፈረንጆች ትንሽ ራቅ ይላሉ።

በየእሑዱ ከጸሎት በኋላ ቅጂ እልክላታለሁ። የማይረባ ወሬ ነው፦ ምን በላሁ፣ በረዶው እስከ የት ደረሰ። አንድ ነገር ልለምንሽ። መድረሱን አያለሁ፤ መስማቷን ግን አላውቅም። ስትሰማው የሚነግረኝ ምልክት ልታበጂልኝ ትችያለሽ?

ለወረቀቴ ቃለ መጠይቅ በግንቦት ቀጠሩኝ። ለእናቴ አትንገሪያት፤ እኔ በድምፄ እነግራታለሁ።

ባርናባስ

ሰበታ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ባርናባስ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ሁላችንም ደህና ነን።

ምልክቱ ተሠርቷል። ታብሌቱ ላይ ከቅጂው ሥር ሰፋ ያለ ቁልፍ አስቀምጫለሁ። እማማ ሰብለ ሰምተው ሲጨርሱ ይጫኑታል፤ አንተ ጋ «ተሰምቷል» ይላል። መጀመሪያ ገና ሳይሰሙ ነበር የሚጫኑት። «ቶሎ ሰማች ይበለኝ ብዬ ነው» አሉኝ። አሁን ለምደዋል። ቃለ መጠይቁንም ከአንተው አንደበት ሰምተዋል፤ «ይምጣና ጣራዬን ያድስልኝ፣ ከዚያ በኋላ እግዜር እንዳሻው» ነው መልሳቸው። ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው ያስላቸዋል እንጂ ደህና ናቸው።

የኔ ወሬ ብዙ ነው። ቡራዩ ሁለት ቤተሰብ እንደኛው ዓይነት ይሠራልን ብለዋል። አዲስ አበባ ደግሞ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል፤ የምናሳየውን ሥራ አምጪ ሲሉኝ የኛን ገጽ ነው የማሳያቸው። ኢፋ «የእማማ ሰብለን ነጥብ አሳይተሽ ካልቀጠሩሽ ታብሌቱን ይዘሽባቸው ሂጂ» ይለኛል። አንተ በግንቦት፣ እኔም በግንቦት! ዓመቱ የኛ ነው መሰለኝ።

ሩሃማ

ሰበታ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

(ያልተላከ)

ጋሽ ባርናባስ፣

እንደምን አለህ የሚለውን መጻፍ አቃተኝ።

እማማ ሰብለ አረፉ። መጋቢት 25 ቀን። ጉንፋን ያልነው ሳንባቸው ላይ ወርዶ ኖሯል፤ ሐኪም ቤት አስገብተናቸው አላደሩም። በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው። ሰው ሞልቶ ነበር። አንተ ብቻ አልነበርክም።

ከቀብር መልስ የእድሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ለባርናባስ ማን ይንገረው ተባለ። እኔ «አሁኑኑ እጽፍለታለሁ» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«መርዶ ይጻፋል እንዴ?» አሉ አንዱ። «በስልክስ ይነገራል? የተማራችሁት ይሄን ነው?»

እናቴ ደግሞ «ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይስማው? ማን ይዞት? ማን ፊቱን አጥቦት?» አለችኝ። ከተማህ ውስጥ አንድም የአገርህ ሰው እንደሌለ ራስህ ነግረኸኛል። እንግዲህ ቃለ መጠይቁን ጨርሶ ወረቀቱ ይድረስለት፣ ከዚያ ሄልሲንኪ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሰው ፈልገን በማለዳ በሩ ላይ እንላክ ተባለ። በዚሁ ተነሡ።

ያን ጊዜ ታብሌቱ ባትሪው አልቆ ግራጫ ሆኖ ነበር። «ይሄን ካየ ይጠረጥራል» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም። የሆነ ነገር ተበላሽቶ እኔ መጠገን የምችል መሰለኝ። ወደ ሰበታ አምጥቼ ሰካሁት። አረንጓዴ ሆነ። ሽማግሌዎቹ «ጎበዝ ልጅ» ብለው መረቁኝ።

እሑድ ቅጂህ መጣ። ድምፁን እስከ መጨረሻ ዘግቼ ቁልፉን ተጫንኩት። «ተሰምቷል።»

እናቴ አሁን በሩ ላይ ቆማ «ምን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ። «ስለ ፕሮክሲ ነው» አልኳት።

አልልከውም።

ሰበታ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ባርናባስ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። እኛ ደህና ነን።

ሄድስኬል አዲስ እትም ስለወጣለት አሻሽዬዋለሁ። ከማሻሻሌ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ ወስጃለሁ። ዘበኛውን በተመለከተ ደግሞ፣ ምናልባት ወደፊት ካዲን ከሜሹ ፊት አቁሞ ሁለቱን አንድ ላይ ማሠራት ይቻላል፤ ይሄ የተለመደ አሠራር ነው። ጥቅሙ አዲስ ዕቃ ለማስገባት አፕ መጫን አለማስፈለጉ ነው። ጉዳቱ ያው ቀድሞ የነገርኩህ ነው።

መንገዱ ስላስቸገረ ሰሞኑን የእማማን ድምፅ መቅዳት አልቻልኩም።

ቃለ መጠይቅህ ይቅናህ።

ሩሃማ

ቫሳ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ሩሃማ፣

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይጉደል።

ቃለ መጠይቁ አለፈ። «ለምን አገርህ መሄድ ትፈልጋለህ?» ሲሉኝ ስልኬን አውጥቼ ነጥቧን አሳየኋቸው። ጠያቂዋ ምን እንደጻፈች አላውቅም፣ ብቻ ረጅም ጻፈች።

ያንቺስ እንዴት ሆነ? የፋሲካ ደብዳቤሽ ስለ ዘበኛና ስለ እትም ብቻ ነበር፤ ስላንቺ አንድ ቃል አጣሁበት። ደግሞ «እንኳን አደረሰዎ» ብለሽኛል። ምን አጠፋሁ?

እናቴ ሁሉንም ቅጂ እየሰማች ነው፤ በዚያው በተላከ ቀን ነው ምልክቱ የሚመጣው። የእሷ ድምፅ ግን ከጾሙ ወዲህ አልመጣልኝም። ረጅም አልፈልግም። ጎመን፣ ዶሮ፣ የፈለገችውን ትበል። መናገር ከደከማትም «አለሁ» ትበልና ይብቃኝ። አንድ ቃል።

ባርናባስ

ሰበታ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ባርናባስ፣

ደህና ነኝ፣ አታስብ። ድርጅቱ አልተቀበለኝም፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። የቡራዩዎቹንም ሥራ ለኢፋ ትቼለታለሁ። «ምን ሆነሻል አንቺ? ያ ሁሉ ወሬሽ የት ገባ?» ይለኛል። ገጹን ማየት አልወድም።

የታብሌቱ ማይክሮፎን ተበላሽቷል። ሲሠራ እቀዳለሁ።

ሩሃማ

ቫሳ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሃማዬ፣

ቁጭ በይና አንብቢ። ተፈቀደልኝ! ወረቀቱ በእጄ ነው። ማንም ሳይሰማ በፊት ለእናቴ ነው የቀዳሁላት። እንዴት እንዳወራሁ አላስታውስም፤ ሳቅም ለቅሶም ነበረበት። ወዲያው «ተሰምቷል» አለኝ። እጄ ላይ ያለውን የመኪና ማጠቢያ ብሩሽ ጥዬ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስሁ። እሽቅድምድሙን አሸነፍሁት። ትኬት ቆርጫለሁ፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ እደርሳለሁ።

እና አንድ ነገር አየሁ። በደስታዬ ገጹን ደጋግሜ ስከፍት ከጎኗ ያለውን ጽሑፍ አነበብሁት። ከለመድሁት ወዲህ ነጥቧን እንጂ እሱን አላይም ነበር። «የሱሉልታ ታብሌት፣ እዚሁ ቤት» ይላል። ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ዋይፋይ ማለት ነው፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።

እናቴ እናንተ ዘንድ ናት! ሰበታ አምጥታችኋታል አይደል? ሳሏ ጠንክሮ ነው? እንዳልጨነቅ ብላችሁ ነው የደበቃችሁኝ፤ ገብቶኛል፣ አልቆጣም። አትክልት ስላስታመመቻት ውለታዋን እንዴት እንደምከፍል እንጃ። ብቻ ለእናቴ ንገሪያት፦ እመጣለሁ፣ ጣራውን አድሳለሁ።

እውነት ነው በይኝ።

ባርናባስ

ሰበታ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ባርናባስ፣

ጤናህን ይስጥህ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ትሆናለህ?

ሩሃማ

ቫሳ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩሃማ፣

«ቅዳሜ ጠዋት ቤት ትሆናለህ?» የሚለውን ሳነብ አወቅሁ። የእኛ አገር ሰው ይህን የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ ያውቃል። እኔም አንድ ጊዜ ለሌላ ሰው ጠይቄዋለሁ።

በዋዜማው ክፍሌን ጠረግሁ። ያለኝ አንድ ወንበር ስለሆነ ከጎረቤት ፈረንጅ ወንበር ተዋስሁ። «ግብዣ አለህ?» አለኝ። «አዎ» አልሁት። ሲነጋ ጥቁር ልብሴን ለብሼ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ።

ሦስት ሰዎች መጡ፤ አንዱ ቄስ ናቸው። በባቡር ሲመጡ አድረዋል። ከፍቼላቸው ልብሴን ሲያዩ አባ ያዘጋጁት ቃል ጠፋባቸው። «ማን ነገረህ?» አሉኝ። «ታብሌቱ» አልኋቸው። አልገባቸውም። እናቴን አያውቋት፣ እኔን አያውቁኝ፣ ግን አለቀሱ። ውኃ የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ ፊታቸውን ያስታጠብሁ እኔ ነኝ። ሲመሽ ባቡራቸው ደረሰና ሄዱ። ወንበሮቹን መለስሁ።

አንቺን አልወቅስሽም። ሽማግሌ ያለውን አድርገሻል፤ ሽማግሌም የሚያውቀውን ነው ያለ። ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ። ተፈቀደልኝ ብዬ የነገርኋት ጊዜ «ተሰምቷል» የሚል መጣ። ማን ነው የሰማኝ?

ትኬቱን ተውሁት። እዚያ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

ዘበኛው ይሻል ነበር፣ ሩሃማ። ዘበኛ ማን ቤት እንዳለ፣ ማን እንደሌለ አይናገርም።

ባርናባስ

ሰበታ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ባርናባስ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍ። ይህን መጻፍ ይገባኝ የነበረው በመጋቢት ነው።

ማንም አልሰማህም። ድምፁን ዘግቼ ነበር የምጫነው፤ አንተን መስማት ስለማልችል። የተፈቀደልህን ቅጂ ዛሬም አልከፈትኩትም፤ ሁሉም አሉ፣ አልጠፉም። ሱሉልታ እየሄድኩ የቀዳሁት የእማማ ሰብለ ድምፅም አለ፤ ጎመኑም ዶሮውም።

ታብሌቱን አጥፍቼዋለሁ። ዝርዝሩ ላይ ግን ስማቸው ግራጫ ሆኖ አለ። ልሰርዘው ተቀምጬ «እርግጠኛ ነሽ?» ሲለኝ ተውኩት። ካልክ ሜሹን አፍርሼ ካዲን ብቻ አቆምልሃለሁ። ያንተ ቃል ነው የሚሠራው። ደግሞ የሚጠብቅህ ሰው የለም አትበል፤ እናቴ አለች፣ የእናትህ መቃብር አለ። ና።

ሩሃማ

ሰበታ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ ባርናባስ፣

አዲሱ ዓመት ካለህበት በሰላም ያግኝህ። ካለህ።

የላክኩት ደብዳቤ መልስ አላገኘም። ሄልሲንኪ ያሉት አባ ደውለውልህ አታነሣም አሉ። ሥራ ቦታህ ጠይቀው «ከመጣ ቆየ» ተብለዋል። የነጥብህን ነገር ልንገርህ፤ ከሐምሌ ጀምሮ ግራጫ ነው። አንተ ማቆሚያው ላይ ቆመህ የምታየውን አሁን እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አያለሁ። መብራት ሄዶበት ነው እንዳልል እዚያ መብራት አይሄድም።

ዛሬ ጠዋት አረንጓዴ ሆነ። «የባርናባስ ስልክ፣ ከሩቅ።» እናቴን ጠራኋት። ከጓዳ እየሮጠች መጥታ «ተመስገን! አለ ማለት ነው?» አለችኝ።

አዎ ልላት አልቻልኩም። ስልክህ በርቷል፤ ያበራኸው አንተ መሆንህን ግን በምን አውቃለሁ? ክፍልህን የከፈተ ሰው ይሆናል፣ ወንበር ሥር አግኝቶ ለባለቤቱ ሊመልስ የሰካው ሰው ይሆናል። እኔ ራሴ ሰው ለሌለበት ቤት ይህን ነጥብ አብርቻለሁ። ከእንግዲህ ማንም አረንጓዴ ነጥብ አሳይቶ አለ ሊለኝ አይችልም።

«አላውቅም፣ እማ» አልኳት። በቆመችበት ቁጭ አለች።

ደብዳቤ አልጠይቅህም፣ ና አልልህም። አንድ ቃል ቅዳልኝ፤ «አለሁ» በል፣ ይብቃኝ። ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ አጠገብ መልሼ ሰክቼዋለሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼዋለሁ።

ሩሃማ